ስኪን ቡስተር ሲወጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስኪን ቡስተር በአብዛኛው ሃያሉሮኒክ አሲድ የተባለውን፣ በተፈጥሮም በቆዳችን ውስጥ የሚገኘውንና ውሃ የመያዝ ከፍተኛ ችሎታ ያለውን ንጥረ ነገር በጥቃቅን ጠብታዎች ወደ ቆዳ ውስጥ በመርፌ የማስገባት ሕክምና ነው። በአግባቡ ሲሰጥ የደረቀ ቆዳን ያለሰልሳል፣ ወዙንም ይመልሳል። ይሁን እንጂ ስሙ ከመዋቢያ ቅባቶች ጋር አብሮ ስለሚነሳ ብዙ ሰው ሕክምና መሆኑን ይዘነጋል።

የመጀመሪያው ስህተት የማይሰጠውን ውጤት መጠበቅ ነው። ስኪን ቡስተር እንደ ፊለር ጉንጭን ወይም ከንፈርን አይሞላም፤ እንደ ቦቶክስም ጡንቻን በማላላት የግንባርን መጨማደድ አያጠፋም። ቆዳንም አያቀላም። «ፊት ያፈካል» እየተባለ በደም ሥር የሚሰጠው ግሉታታዮን የተባለ ንጥረ ነገር ፍጹም ሌላ ነገር ሲሆን፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ቆዳን ለማቅላት የሚወጉ ምርቶች አንዳቸውንም እንዳላጸደቀ ገልጾ ሕዝቡ እንዲጠነቀቅ አሳስቧል።

ከዚህ የከፋው ግን ማን እንደሚወጋንና ምን እንደምንወጋ ሳናውቅ ፊታችንን አሳልፈን መስጠታችን ነው። ይህን መርፌ ሊሰጥ የሚገባው የፊትን የደም ሥሮች አቀማመጥ ጠንቅቆ የሚያውቅና ችግር ሲፈጠር ወዲያውኑ ማከም የሚችል፣ ፈቃድ ያለው የሕክምና ባለሙያ ነው። እሽጉ ፊት ለፊትዎ እንዲከፈት፣ የምርቱ ስም፣ የመለያ ቁጥሩና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑም በካርድዎ ላይ እንዲመዘገብ ያለ ሐፍረት ይጠይቁ፤ ጥሩ ባለሙያ በዚህ ቅር አይሰኝም። ከኢንተርኔት ገዝቶ በቤት ውስጥ ራስን መውጋት፣ እንዲሁም ፈሳሹን ያለ መርፌ በግፊት ብቻ ወደ ቆዳ በሚያስገቡ ብዕር መሰል መሣሪያዎች መጠቀም ፈጽሞ አይገባም። ስለ እነዚህ መሣሪያዎች ይኸው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2021 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

የጤና ታሪክን መደበቅም ቀላል ስህተት አይደለም። እርግዝና ወይም ጡት ማጥባት፣ በፊት ላይ ያለ ቁስል ወይም ያመረቀዘ ብጉር፣ ከንፈር ላይ የሚመላለስ ምች፣ ለማደንዘዣ መድኃኒት ያለ አለርጂ፣ ሁሉም አስቀድመው ሊነገሩ ይገባል። አስፕሪንና ሌሎች ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶች መበለዝን ያባብሳሉ፤ ነገር ግን በሐኪም የታዘዘን መድኃኒት በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ከመበለዙ የባሰ አደጋ ያስከትላል።

ለሠርግ ዋዜማ ቀጠሮ መያዝ ሌላው ስህተት ነው፤ እብጠቱና መበለዙ ለቀናት ሊቆይ ይችላልና። በብዙ ምርቶች ሕክምናው በሳምንታት ልዩነት ተደጋግሞ ስለሚሰጥ፣ ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ሙሉ ለውጥ መጠበቅም አይገባም። ከተወጉ በኋላ ፊትን ማሸት፣ ሳውና መግባትና ያለ ጸሐይ መከላከያ መውጣት ቆዳን ያስቆጣል፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ደግሞ የተቆጣው ቦታ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል።

የመጨረሻው ስህተት የአደጋን ምልክት «ይተወኛል» ብሎ ማሳደር ነው። ፈሳሹ የደም ሥርን የሚዘጋበት አጋጣሚ ጥቂት ቢሆንም፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ የቆዳ መንጣት ወይም መረብ የመሰለ ሰማያዊ ቀለም፣ በጣት ተጭነው ሲለቁት ቀለሙ ቶሎ የማይመለስ ቦታ፣ በተለይም የእይታ መደብዘዝ ከታየ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። ሃያሉሮኒክ አሲድን የሚያሟሟ ሃያሉሮኒዴዝ የተባለ መድኃኒት አለ፤ በሌሎች ንጥረ ነገሮች በተሠሩ መርፌዎች ላይ ግን አይሠራም። ስለዚህ የሚወጉት ምን እንደሆነና ይህ መድኃኒት በክሊኒኩ መኖሩን መጠየቅ ያለብዎት ከመወጋትዎ በፊት ነው።