ፒስተኑ ይጠገን ወይስ ይቀየር? ብር ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን እዩ

ሞተር ወርዶ ፒስተኑ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ መካኒኩ ገልበጥ አርጎ አይቶት "ይሄ ይሰራል" ወይ "ይሄ አለቀለት" ካላችሁ ትንሽ ቆይ በሉት። ፒስተን በአይን አይፈረድም፣ ለብቻውም አይፈረድም፣ ከሲሊንደሩ ጋር ተለክቶ ነው ሚወሰነው።

መጀመሪያ ይታጠብ። ካርቦኑን ናፍታ ውስጥ አሳድራችሁ በእንጨት ፋቁት፣ በሽቦ ብሩሽ ግን እንዳትነኩት፣ አሉሚኒየም ስለሆነ ፋሻው (ዙሪያውን ያለው የብረት ቀለበት) ሚቀመጥበትን ቦይ ይበላባችኋል።

ከዛ ስንጥቅ ፈልጉ። ለዚ ውድ መሳሪያ አያስፈልግም፣ ነጭ ጋዝ ውስጥ ግማሽ ሰአት ንከሩት፣ አውጥታችሁ በጨርቅ ጥርግ አርጉትና ጠመኔ ፈጭታችሁ ነስንሱበት፣ ስንጥቅ ካለ ውስጥ የገባው ጋዝ ቀስ እያለ ወጥቶ ነጩ ዱቄት ላይ ፀጉር ሚያክል እርጥብ መስመር ያወጣል። በተለይ ስፒኖቶው (ፒስተኑን ከስሩ ካለው ዘንግ ከቢዬላው ሚያገናኘው ፒን) ሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያና በፋሻዎቹ መሀል ያለውን ግድግዳ እዩ። መስመር ካያችሁ ይቀየር፣ አለቀ። እንበይደው ለሚላችሁ እባካችሁ እሺ አትበሉ፣ የተበየደ ቦታ ያንን ሙቀትና ግፊት አይችልም፣ ሲሰበር ደግሞ ቢዬላውንም ሲሊንደሩንም ይዞ ነው ሚሄደው። አናቱ የቀለጠ ወይ የተበሳም እንደዛው።

ጎኑ ላይ ያለ ጭረት ግን ሁሌ ሞት አይደለም። በጥፍራችሁ አቋርጣችሁ ዳብሱት፣ ጥፍር ካልያዘ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ዘይት ቀብታችሁ ጫፍ ጫፉን ብቻ ለስለስ ማረግ ይቻላል፣ ጥፍር ከያዘ ወይ አሉሚኒየሙ ተልጦ ከተጋገረ ተዉት።

አሁን ልኬት። አዲስ ፋሻ ቦዩ ውስጥ አስገብታችሁ ክፍተቱን በፊለር ጌጅ (በክፍተት መለኪያ ስስ ብረቶች) እዩ፣ ብዙ የቤንዚን ሞተር ላይ አዲስ ሲሆን ከ0.03 እስከ 0.08 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ 0.15 ካለፈ ቦዩ ተበልቷል ማለት ነው፣ አዲስ ፋሻ ብትገዙም ዘይት መብላቱን አይተውም። ፒስተኑን ራሱን በማይክሮሜትር ከታች በኩል ከስፒኖቶው ጋር መስቀል በሚሰራ አቅጣጫ (በ90 ዲግሪ) ለኩት፣ ሲሊንደሩን ደግሞ ከላይ ከመሀልና ከታች፣ ልዩነቱን ከሞተሩ ማንዋል ጋር አስተያዩ።

ሲሊንደሩ ከተበላ አሮጌው ፒስተን ጤነኛ ቢሆንም አይጠቅማችሁም፣ ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይሰፋና ኦቨርሳይዝ (ከመጀመሪያው ልክ ወፈር ያለ ፒስተን) ይገባል፣ በ0.25፣ 0.50፣ 0.75 ወይ 1.00 ሚሊሜትር። እዚጋ ብዙ ሰው ሚሳሳተው ቅደም ተከተሉን ነው፣ መጀመሪያ አስፍቶ ከዛ ሶማሌ ተራ ፒስተን ፍለጋ ይዞራል፣ ልኩን ሲያጣ የተሰፋው ብሎክ ያለ ፒስተን ይቀራል። ፒስተኑን ቀድማችሁ ግዙ፣ እዛው ሱቁ በር ላይ ለኩት፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አትመኑ፣ ከዛ ቶርኖ ቤቱ በያዛችሁት ፒስተን ልክ ያስፋው። አንድ ብቻ ምትቀይሩ ከሆነ ክብደቱን ከሌሎቹ ጋር ግራም በሚያነብ ሚዛን አመዛዝኑት።

ሞተሩ ገና ካልወረደ ደግሞ ጠዋት ድምፁን ስሙ። ሲነሳ ካንኳኳና እየሞቀ ሲሄድ ከጠፋ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ መላላቱ ሊሆን ይችላል፣ ሞቆም የቸርችልን ዳገት ወደ ፒያሳ ስትወጡ ከባሰበት ግን የቢዬላው ብሮንዚን (ዘንጉ ሚዞርበት ስስ ሽፋን) ነገር ሊሆን ስለሚችል ሳትውሉ ሳታድሩ አቁሙት።

ከሁሉም በላይ ግን ለምን ተበላሸ የሚለውን ጠይቁ። እኔ 5ኤል ሚባለው የናፍታ ሞተር ያለው ሃይኤስ ነው ምነዳው፣ ሶስተኛው ፒስተን አናቱ ቀልጦ አንድ ጋራዥ ቀየረልኝ፣ ሞተሩን ዘግቶ አስረከበኝ፣ ሶስት ሳምንት ሳይሞላ ያው ሶስተኛው ቀለጠ። ናፍታ ሚረጨው ኖዝል ያንጠባጥብ ነበር፣ ማንም አልፈተሸውም፣ የሁለት ሞተር ማውረጃ ከፈልኩ፣ ልጆቼም ያን ወር ያለ ገቢ ነው የከረሙት። ስለዚ ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ከመታሰሩ በፊት አራቱም ኖዝል ተፈቶ ፓምፕ ቤት ይሂድና እናንተ ቆማችሁ እያያችሁ ይፈተሽ፣ ጉም መስሎ መርጨት አለበት፣ ጫፉ ላይ ጠብታ ካንጠለጠለ አይግባ።