የኪራይ ሸራ ጀልባን ለብቸኛ የውቅያኖስ ጉዞ ሲያዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሜዲትራኒያን ባሕር ለጎብኚዎች የሚከራዩ የሸራ ጀልባዎች አብዛኞቹ ኦክቶበር ሲያልቅ ወደብ ላይ ይታሰራሉ። የካሪቢያን የኪራይ ወቅት የሚከፈተው የሜዲትራኒያኑ ሲዘጋ በመሆኑ ግን፣ ጥቂቶቹ በጅብራልታር ወጥተው ወደ ካናሪ ደሴቶች፣ ከዚያም አትላንቲክን አቋርጠው ወደ ምዕራብ ያቀናሉ። ከካናሪዋ ላስ ፓልማስ እስከ ካሪቢያኗ ሴንት ሉሲያ ያለው ርቀት 2,700 የባሕር ማይል ያህል ሲሆን፣ 12 ሜትር ርዝመት ላለው ጀልባ በአብዛኛው ከ18 እስከ 25 ቀን ይፈጅበታል። ይህን መንገድ ብቻውን ሊጓዝ የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ገና ወደብ ላይ ሳለ ነው፤ ስድስት ወር ሙሉ ያለ ችግር ሲሠራ የቆየ ጀልባ ለውቅያኖስም የተዘጋጀ ይመስለዋል።

የኪራይ ጀልባ የለመደው ሥራ ሌላ ነው። ጠዋት ከአንዱ ወደብ ወጥቶ ማታ ሌላው ይገባል፤ ሌሊቱን ከየብስ መብራት ላይ ተሰክቶ ያድራል፤ ገመድ የሚስቡ፣ መልህቅ የሚጥሉና መሪ የሚይዙ ስድስትና ስምንት ሰዎች አሉት፤ አንድ ነገር ቢሰበር የአከራዩ መካኒክ በፈጣን ጀልባ ይደርስለታል። ብቸኛው ተጓዥ ከእነዚህ አንዱም አይኖረውም፤ የሚከተሉት ስህተቶች ሁሉ የሚመነጩትም ይህን ልዩነት ከመዘንጋት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ጀልባው ድንጋይ ወይም አሸዋ ነክቶ እንደሆነ አለመመርመር ነው። የሸራ ጀልባ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ከሆዱ በታች በሚወርደው ኪል በሚባለው ከባድ ብረት ሲሆን፣ ይህ ብረት ከጀልባው ጋር የሚያያዘው በጥቂት ብሎኖች ነው። ተከራይ ኪሉን ከድንጋይ ጋር ቢያላትም፣ ያስያዘውን ገንዘብ እንዳያጣ ብሎ ዝም ማለቱ የተለመደ ነው፤ እኔ እንኳ በወደብ ሥራ ባሳለፍኳቸው ዓመታት «ነክተናል» ብሎ በፈቃዱ የተናገረ ተከራይ ያገኘሁት ከጣት ቁጥር አይበልጥም። ውጤቱ ምን ሊሆን እንደሚችል ቺኪ ራፊኪ የተባለችው የእንግሊዝ ጀልባ ታሳየናለች። እ.ኤ.አ. በሜይ 2014 የካሪቢያኑ ወቅት አብቅቶ ከአንቲጓ ወደ ሳውዝሃምፕተን ስትመለስ፣ በአትላንቲክ መካከል ኪሏ ተነቅሎ ተገለበጠች፤ በላይዋ የነበሩት አራት ሰዎችም ጠፉ። የተገለበጠው አካሏ ሲገኝ የነፍስ አድን ታንኳዋ ከተቀመጠችበት ሳትወጣ ነበረች። የብሪታኒያ የባሕር አደጋ መርማሪዎች፣ ጀልባዋ ቀደም ሲል መሬት መንካቷና በየጊዜው የተደረገላት ጥገና ኪሉ የሚያርፍበትን የውስጥ አካል አዳክሞት ሊሆን እንደሚችል ጽፈዋል።

ስለዚህ ጀልባው በክሬን ከውኃ ሳይወጣ ጉዞው ሊታሰብ አይገባም። ጀልባው በቀበቶ ተንጠልጥሎ ሳለ ኪሉና ሆዱ የሚገናኙበትን መስመር በእጅ ባትሪ መመልከት፣ ከዚያም ክብደቱ በኪሉ ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ሲወርድ ያው መስመር ይከፈት ወይም ይዘጋ እንደሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል። ከውስጥ ደግሞ የወለሉን ጣውላ አንሥቶ፣ በተለይ ከኪሉ የኋላ ጫፍ በላይ ያለውን ቦታ መፈተሽ ይገባል፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ፣ ወይም ከብሎን ሥር እንደ እንባ የወረደ የዝገት መስመር ከታየ ሐኪሙ የጀልባ መርማሪ እንጂ ቀለም ቀቢ አይደለም።

ናፍጣ ሞልቶ መርካት ሌላው ስህተት ነው። የኪራይ ጀልባ ታንከር ደንበኛ በመለሰው ቁጥር ይሞላል እንጂ ለዓመታት አይታጠብም። ከአየሩ የሚገባው እርጥበት ወደ ውኃ ተለውጦ ከሥር ይጠራቀማል፤ ውኃውና ናፍጣው በሚነካኩበት መስመር ላይም ጥቃቅን ሕዋሳት እየተባዙ ጥቁር ዝልግልግ ነገር ይፈጥራሉ። ደሴት ለደሴት ሲሄዱ ይህ ሁሉ ሥር ተኝቶ ይቀመጣል። የአትላንቲክ ማዕበል ግን ታንከሩን ቀንና ሌሊት ስለሚንጠው ዝቃጩ ተነሥቶ ፊልትሮውን ይደፍነዋል፤ ሞተሩም የሚጠፋው በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ነው። አንድ ጊዜ ለጉዞ የሚዘጋጅ ባሕረኛ «ንጹሕ ነው» ካለው ታንከር ሥር በእጅ ፓምፕ አንድ ሊትር ቀድተን፣ በመስታወት ማሰሮ አድርገን የመርከቡ ጠረጴዛ ላይ አሳደርነው። ጠዋት ከሥር ሁለት ጣት የሚያህል ውኃ፣ ከላይ ናፍጣው፣ በመካከላቸውም የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ንብርብር ቆሞ ነበር። ታንከሩን ለማጠብ አንድ ቀን ተኩል ፈጀ። ከታጠበም በኋላ ቢያንስ ስድስት መለዋወጫ ፊልትሮ መያዝና፣ ጀልባው እየተናወጠ ፊልትሮ መለወጥን ወደብ ላይ ዓይንን ጨፍኖ እስኪቻል ድረስ መለማመድ ያስፈልጋል።

ሸራው የሚሰቀልበትን ምሰሶ፣ ደቀሉን፣ በተመለከተ፣ ቆሞ ስለታየ ብቻ ማለፍ አይገባም። ደቀሉን የሚይዙት የብረት ገመዶች በአብዛኛው በየአሥር ዓመቱ እንዲለወጡ ይመከራል፤ በየሳምንቱ በተለያየ እጅ የሚጎተት የኪራይ ጀልባ ግን ከዚያም ቀደም ብሎ ሊደክም ይችላል። ሶፍት ይዞ ገመዱን ከታች ወደ ላይ ማሸት ቀላል ምርመራ ነው፤ አንድ ክር እንኳ የተበጠሰ ካለ ሶፍቱን ቀድዶ ያስቀረዋል። ሸራውም ቢሆን ከጠንካራ ፀሐይ በታች ወራት ያሳለፈ ነውና ስፌቱን በጥፍር ቆንጠጥ አድርጎ ማየት ይገባል፤ ክሩ ብጥስ ካለ ሸራ ሰፊ ዘንድ መሄድ የግድ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ነፋሱ ለሳምንታት ከኋላ ስለሚነፍስ የፊተኛውን ሸራ ወደ ጎን ዘርግቶ የሚይዝ ረጅም ዘንግ ያስፈልጋል፤ የኪራይ ጀልባዎች ግን ብዙዎቹ ይህ ዘንግ የላቸውም።

በኤሌክትሪክ ላይ የሚፈጸመው ስህተት የሒሳብ ስህተት ነው። ብቻውን የሚጓዝ ሰው መሪውን የሚያስይዘው ለአውቶፓይለቱ ነው። ይህ መሣሪያ በአማካይ 4 አምፔር ቢወስድ በ24 ሰዓት ውስጥ 96 አምፔር ሰዓት ይሆናል፤ የሌሊት መብራት፣ የአቅጣጫ መሣሪያና ራዲዮ ሲጨመሩበት 150 ሊደርስ ይችላል። 400 አምፔር ሰዓት የሚይዝ የእርሳስ ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን ብቻ ስለሆነ፣ ጀልባው ያለ ተጨማሪ ኃይል የሚቆየው ከአንድ ቀን ብዙም አይበልጥም። 300 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ በጥሩ ቀን 100 አምፔር ሰዓት ያህል ይመልሳል። እንግዲህ ማቀዝቀዣውን ማጥፋት ወይም ሰሌዳ መጨመር የተጓዡ ምርጫ ነው፤ በየብስ መብራት ላይ ሲታዩ ሁልጊዜ የሞሉ የሚመስሉ ባትሪዎችን ማመን ግን አይቻልም፤ ሶኬቱን ነቅሎ ሁለት ሌሊት መፈተን ያስፈልጋል። አውቶፓይለቱ ራሱ ቢሰበርስ? ወይ ሙሉ መለዋወጫ፣ ወይ ያለ ኤሌክትሪክ በነፋስ ብቻ የሚሠራ መሪ ያዥ ከኋላ መገጠም አለበት። የመጠባበቂያውን የመሪ እጀታም አውጥቶ መግጠም ይገባል፤ በኪራይ ጀልባ ላይ እጀታው ከናካቴው ጠፍቶ፣ ወይም የሚገባበት ቀዳዳ ክዳን በጨው ተጣብቆ መገኘቱ ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በጅብራልታርና በፖርቱጋል ዳርቻ ኦርካ የተባሉት ትልልቅ የባሕር እንስሳት የሸራ ጀልባዎችን መሪ እየሰበሩ በመሆናቸው ይህ ጉዳይ በዚያ በኩል ለሚወጣ ሰው ይበልጥ ይከብዳል።

እንቅልፍ የዝግጅት አካል አይመስልም፤ ግን ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የመርከብ ግጭት መከላከያ ደንብ ሁልጊዜ ተገቢ ክትትል እንዲደረግ ያዛል፤ ብቻውን የሚጓዝ ሰው ይህን ሙሉ በሙሉ ሊፈጽመው እንደማይችል ግልጽ ነው። በ20 ኖት (በሰዓት 20 የባሕር ማይል) የሚመጣ የጭነት መርከብና በ6 ኖት የሚሄድ ጀልባ በ10 የባሕር ማይል ርቀት ፊት ለፊት ቢተያዩ የሚገናኙት በ23 ደቂቃ ውስጥ ነው። ብዙ ብቸኛ ባሕረኞች ሃያ ሃያ ደቂቃ የሚተኙት ለዚህ ነው። የመርከቦችን ምልክት የሚቀበለው ኤ.አይ.ኤስ. በጀልባው ላይ አለ ብሎ ማለፍ ስህተት ነው፤ የማስጠንቀቂያው ድምፅ የተኛ ሰው ዘንድ፣ የነፋሱን ጩኸት አልፎ መድረሱ መረጋገጥ አለበት። በብዙ ጀልባዎች ላይ ይህ ድምፅ ከስልክ መጥሪያ አይበልጥም።

የነፍስ አድን ዕቃው ለስምንት ሰው የታሰበ መሆኑ ብዙዎችን ያረጋጋቸዋል። ለስምንት ሰው የተሠራች ታንኳ ግን ከ40 ኪሎ በላይ ልትመዝን ስለምትችል አንድ ሰው በማዕበል ውስጥ ብቻውን ሊያነሣት መቻሉን መሞከር አለበት፤ አንድ ሰው ብቻ ሲቀመጥባትም ክብደት ስለሚያንሳት በቀላሉ ትገለበጣለች። በ406 ሜጋኸርዝ የአደጋ ምልክት የሚልከው መሣሪያም ባትሪው ጊዜው አለማለፉ ብቻ አይበቃም። የተመዘገበው በአከራዩ ስም ከሆነ፣ ምልክቱ ሲደርስ አዳኞቹ መጀመሪያ የሚደውሉት ለዚያ ቢሮ ነው፤ ቢሮው ደግሞ ወቅቱ ስላለቀ ዝግ ነው። የቤተሰብ ስልክና የጉዞው ዕቅድ በምዝገባው ላይ እንዲገቡ ከመነሣት በፊት ማስለወጥ ግድ ነው።

ስለ ኢንሹራንስ አጭር ነገር ልበል፦ የኪራይ ውል ብዙውን ጊዜ የሚሸፍነው የተወሰነ ባሕርን ነው፤ ብቻውን የሚጓዝን ሰውም በግልጽ የሚያስቀር አንቀጽ ሊኖረው ይችላል። በጽሑፍ የተሰጠ ፈቃድ ሳይያዝ መነሣት አይገባም።

የመጨረሻው ስህተት ቀኑን ለደንበኛ መስጠት ነው። ባለቤቱ ለገና በዓል ጀልባውን በካሪቢያኗ ማርቲኒክ አከራይቶት ከሆነ፣ ተጓዡ ጥገናው ሳያልቅ ወይም ጊዜው ሳይደርስ ለመውጣት ይገፋል። ሃሪኬን የሚባለው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ በአትላንቲክ የሚነሣበት ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ሲሆን፣ ከምሥራቅ የሚነፍሰው ጥሩ ነፋስ ይበልጥ የሚረጋው በዲሴምበርና በጃንዋሪ ነው። ከጅብራልታር እስከ ካናሪ ያለው 700 የባሕር ማይል ገደማ ለዚሁ ጥሩ መፈተኛ ነው፤ የሚሰበረው ነገር ሁሉ በዚያ መንገድ ላይ ቢሰበር ላስ ፓልማስ ላይ መካኒክም፣ ሸራ ሰፊም፣ መለዋወጫም ይገኛል። ወደ ደቡብ ወርዶ በኬፕ ቨርድ ሚንዴሎ ላይ እንደገና ማረፍ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ግን እስከ ባርባዶስ ያለው 2,000 የባሕር ማይል ያህል ውኃ ብቻ ነው።