በየዙሩ የሚዘል በረዶ፦ የስኖው ግሎብ ጊፍ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ገና በተቃረበ ቁጥር ድሬዳዋ ከዚራ ያለችው ጠባብ ቤቴ ፍላሽ በያዘ ሰው ትሞላለች። የሚያመጡት ነገር አንድ ዓይነት ነው፤ የመስታወት ኳስ፣ ኳሱ ውስጥ ፎቶ፣ ፎቶው ላይ የሚወርድ በረዶ፤ ጊፍ በሚባለው የሚንቀሳቀስ ምስል። አንዱ የባቡር ጣቢያችንን ያስገባል፣ አንዱ የጀጎልን በር፣ አንዷ የልጇን ፎቶ። ድሬ ላይ ቬንቲሌተር እያዞርን በረዶ እንሠራለን። ሥራውን እወደዋለሁ። የሚያናድደኝ ያው ጥፋት ዘንድሮም ተመልሶ መምጣቱ ነው። ሌየር ምን እንደሆነና ታይምላይን ከየት እንደሚከፈት ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው። የማወራው ስለ ፎቶሾፕ ነው፤ ጊምፕ የተባለው ሌላው የምስል ማስተካከያ ፕሮግራም የሚለይበት ቦታ ሲመጣ እነግራችኋለሁ።

ምንም አይንቀሳቀስም

ጄፔግ አድርጋችሁ ነው ያስቀመጣችሁት። ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ አልትና ኤስን አንድ ላይ ተጭናችሁ «ሴቭ ፎር ዌብ» ውስጥ ግቡና ጊፍ ምረጡ። ጊምፕ ላይ ኤክስፖርት ስታደርጉ «አዝ አኒሜሽን» የምትለዋን ሳጥን ምልክት አድርጉባት። አንዴ ዞሮ የሚቆም ከሆነ ታይምላይኑ ግርጌ «ዋንስ» የሚለውን «ፎርኤቨር» አድርጉት። የዊንዶውስ 7 ፎቶ ማሳያ ጊፍ አያንቀሳቅስም፤ ፋይሉን ከመኮነናችሁ በፊት ብራውዘር ላይ ጎትታችሁ ጣሉት።

በረዶው ከመስታወቱ ውጭ ይዘንባል

ማስክ፣ ሌየሩ የት እንደሚታይና የት እንደሚደበቅ የሚወስነው ሽፋን፣ የለውም ማለት ነው። ማስክ አለው፣ ግን የበረዶው ክብ ራሱ ቁልቁል ይንሸራተታል? ማስኩ ከሌየሩ ጋር ታስሯል። በሁለቱ ትንንሽ ምስሎች መሃል ያለችውን ሰንሰለት ጠቅ አድርጋችሁ አጥፏት። እኔ ሰንሰለቷን አላምናትም። በረዶዎቹን በሙሉ አንድ ግሩፕ ውስጥ እከትና ማስኩን ለግሩፑ እሰጣለሁ። በረዶው ውስጥ ይሮጣል፣ ማስኩ ካለበት ንቅንቅ አይልም።

በረዶው በየዙሩ ይዘላል

ዋናው ይህ ነው። ከሚመጡልኝ ፋይሎች አብዛኞቹ የሚታመሙት በዚህ ነው። በረዶው ለሁለት ሦስት ሰከንድ ደህና ይወርዳል፤ ከዚያ ድንገት ብልጭ ይልና ሌላ በረዶ ይሆናል፤ እንደገና ደህና ይወርዳል። ባጃጅ አንዲት ጉድጓድ ባለበት አደባባይ ሲዞር እንደሚያደርገው፣ በየዙሩ አንድ ጊዜ እንቅ።

አንድ ፎቶ አንሺ ከሐረር ድረስ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። «አቦ፣ ራሙ ነው አሉኝ፤ ቀየርኩት፤ አሁንም ይዘላል» አለኝ። ወንድሜ፣ ራም ጊፍ አያዘልልም። ኮምፒውተሩ ቢደክም ጠቅላላው ይንቀረፈፋል እንጂ በየዙሩ ልክ አንድ ቦታ ላይ አይደናቀፍም። በቋሚ ቦታ የሚደጋገም ጥፋት ፋይሉ ውስጥ ነው ያለው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጊፍ በተራ የሚታዩ ምስሎች፣ ማለትም ፍሬሞች፣ ስብስብ ነው፤ መጨረሻው ፍሬም ላይ ሲደርስ በቀጥታ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ስለዚህ ከመጨረሻው ፍሬም ቀጥሎ መምጣት የነበረበት ምስል የመጀመሪያው ራሱ መሆን አለበት። ይህ የሚሆነው በረዶው ራሱን የሚደግም ጨርቅ ሆኖ፣ በአንድ ዙር የሚጓዘው ርቀትም ከጨርቁ ቁመት ጋር እኩል ሲሆን ብቻ ነው። እኩል ካልሆነ እጥፉ ይሁን፤ ተኩል አይሆንም።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ሸራው 500 በ500 ፒክስል ነው። ጥቁር ሌየር ላይ ኖይዝ እጨምራለሁ፣ «ሞኖክሮማቲክ» ላይ ምልክት አድርጌ። ትንሽ ጋውሺያን ብለር እሰጠዋለሁ፣ በሌቭልስ አጠብቀዋለሁ፤ ጥቁር ላይ የተበተነ ነጭ ነጥብ ይቀራል። የሌየሩን ብሌንድ ሞድ «ስክሪን» ሳደርገው ጥቁሩ ይጠፋል። አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ይመጣል፦ ብለር ጠርዝ ያበላሻል። የላይኛው ጠርዝ ከታችኛው ጋር አይገጥምም። ፊልተር፣ ኦዘር፣ ኦፍሴት ግቡና ሁለቱንም አቅጣጫ 250 አድርጉ፣ «ራፕ አራውንድ» ተመርጦ። ተደብቆ የነበረው ስፌት መሃል ላይ እንደ መስቀል ብቅ ይላል። ስፌቱ የቆረጣቸውን ነጥቦች በጥቁር ብሩሽ አጥፏቸው። ጠርዙን ግን እንዳትነኩት! አሁን የሚገጥመው እሱ ነው።

ከዚያ ሌየሩን አባዙና ቅጂውን 500 ፒክስል ወደ ላይ ወስዳችሁ ልክ ከአናቱ ግጠሙት፤ አንድ ላይ አዋህዷቸው፤ ቁመቱ 1000 የሆነ በረዶ አላችሁ። ማስጠንቀቂያ፦ ከዚህ በኋላ ሁሉን መርጣችሁ ኮፒ እንዳታደርጉ፤ ከሸራው ውጭ ያለው አብሮ አይገለበጥም። ክሮፕም እንዳታደርጉ። በረዶው ዙሩ መሃል ላይ ድንገት የሚያልቅባችሁ ሰዎች ያደረጋችሁት ይህንን ነው።

ፍሬም አንድ ላይ የበረዶው ታችኛ ግማሽ ሸራውን ይሸፍናል። ሁለተኛ ፍሬም ጨምሩ፣ ሙቭ ቱልን ያዙ፣ ሺፍትን ተጭናችሁ የታች ቀስቱን 50 ጊዜ ንኩ። አንዷ ንክኪ 10 ፒክስል ናት፤ 50 ጊዜ 500። ድምፅ አውጥቼ ነው የምቆጥረው፤ ደንበኞቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። በማውዝ ከጎተታችሁት 497 ወይም 506 ላይ ትለቁታላችሁ። ከዚያ የባሰው ወደ ጎን መንሸራተቱ ነው። አንዲት እናት ከመጋላ የልጃቸውን የልደት ጊፍ ይዘው መጥተው ነበር። ቁልቁሉ ልክ 500 ነው። ግን ይዘላል። ፍሬም አንድንና መጨረሻውን እያቀያየርኩ፣ ምስሉን እስኪፈነዳ አጉልቼ አንዲት ነጥብ ላይ ዓይኔን ተከልኩ፤ ነጥቧ 3 ፒክስል ወደ ቀኝ ሄዳለች። እጅ ነው። ማውዝ ቀጥ ብሎ አይወርድም። ለ3 ፒክስል አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በርጫዬን ጨምሮ፣ ሄደ።

አሁን ትዊን አድርጉ፣ መሃል ያሉትን ፍሬሞች ፎቶሾፕ ራሱ ይሙላ፤ 24 ፍሬም፣ ፖዚሽን ብቻ። ጠቅላላው 26 ይሆናል። 26ኛውን አጥፉት። እደግመዋለሁ፤ አጥፉት። እሱ የፍሬም አንድ ቅጂ ነው፤ ከተዋችሁት በረዶው በየዙሩ ለአፍታ ቆም ይላል። ልዩነቱን ያዙልኝ፦ የሚዘል ከሆነ ርቀቱ ተሳስቷል፤ የሚቆም ከሆነ የተደገመ ፍሬም አለ። የሐረሩ ሰው ሁለቱም ነበረበት፤ አንዱን ሳስተካክልለት ሌላው ታየና «አባስከው» አለኝ።

ለምን 25? 500 ለ25 ሲካፈል ልክ 20 ፒክስል ነው። ለ30 ስታካፍሉት አንዴ 16፣ አንዴ 17 ይሆንና በረዶው ይንገዳገዳል።

ሁለት ዓይነት በረዶ ካላችሁ፣ የሩቁ 500 ሲሄድ የቅርቡ 1000 ይሂድ፤ ለእሱ ሦስት ጨርቅ ደርቡለት፣ ቁመቱ 1500። አንድ ጎበዝ «ተፈጥሯዊ እንዲመስል» ብሎ የቅርቡን 750 አድርጎት አየሁ። ትንንሾቹ ደህና ሲወርዱ ትልልቆቹ ብቻ ይዘላሉ። ለመለየት ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ግማሹ ጤነኛ ስለሆነ ሰው ዓይኑን ይጠራጠራል።

ከኢንተርኔት የወረደ «ነፃ በረዶ» አምጥታችሁ አስተካክልልን ስትሉኝ ግን እጄን አላስገባም። ጠርዙ አይገጥምም፣ ግማሹ ላይ የባለቤቱ ምልክት ተጋድሟል። አንዳንዱማ ግልጽ መስሎ የቀረበው ግራጫና ነጭ ዳማ ምስሉ ላይ የተሳለ ነው! ስክሪን ስታደርጉት የዳማ ሰሌዳ ይዘንባል። ከባዶ መሥራት 10 ደቂቃ አይፈጅም።

ቆርቆሮ የሚደበድብ ይመስላል

እኛ ዘንድ በረዶ ሲባል ጆሮ የሚያስታውሰው ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው፤ ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያለን። ስለዚህ ሁሉም ትልልቅ ጠጠር አድርጎ ቀጥ ብሎ ያወርደዋል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ፤ የሚዘንብ ስኖው በዓይኔ አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን ከታይዋን ገበያ የፕላስቲክ ግሎብ ገዛሁ፣ ውሃዋ ትንሽ ጎድሎ አናቷ ላይ አረፋ የያዘች። ነቅንቄ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አየኋት። ደቃቆቹ ወዲያው አይወርዱም፤ ይንሳፈፋሉ። ትልልቆቹ ቀድመው ታች ይተኛሉ። የነገሩ አባት ተብሎ የሚጠራው የቪየናው ኤርዊን ፔርዚ በ1900 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በውሃ በተሞላ ብርጭቆ ለቀዶ ሕክምና ክፍል ብርሃን ሊያጎላ ሲሞክር ሴሞሊና ጨመረበት፤ ዱቄቱ ቀስ እያለ ሲወርድ ስኖው መሰለው። ልብ በሉ፣ ሴሞሊና ነው እንጂ ጠጠር አይደለም።

ነጥቡን አሳንሱ፣ ቁጥሩን ቀንሱ፣ የቅርቡን ብቻ ትንሽ ብለር ስጡት። ለእያንዳንዱ ፍሬም 0.1 ሰከንድ ስጡ፤ 25ቱ በ2.5 ሰከንድ ይዞራሉ። «ኖ ዲሌይ» አትምረጡ። ዜሮ የሆነውን ብራውዘሮች ራሳቸው ወደ 0.1 ሰከንድ ይመልሱታል፤ እናንተ ዘንድ የሮጠው ደንበኛው ጋ ሲደርስ ያዘግማል።

ፍሬም አንድን ስነካ ሁሉም ይቀየራል

«ፕሮፓጌት ፍሬም 1» በርቷል፤ አጥፉት። በብሩሽ የቀባችሁት ግን ምንም ብታደርጉ ሌየሩ በሚታይባቸው ፍሬሞች ሁሉ ይታያል። ለፍሬም ለብቻው የሚቀመጠው ቦታ፣ መታየት አለመታየት፣ ኦፓሲቲና የሌየር ስታይል ነው።

ግሎቡ ዙሪያ ነጭ ጥርስ አለ

ጊፍ ከፊል ግልጽነት አያውቅም። አንድ ፒክስል ወይ አለ ወይ የለም፤ ለስላሳው የመስታወት ጠርዝ ከ«ማት» ቀለም ጋር ይቀላቀላል። ማቱ ነጭ ሆኖ ገጹ ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ጥርሱ ይታያል። ሴቭ ፎር ዌብ ውስጥ ማቱን የሚያርፍበት ገጽ ቀለም አድርጉት። የሚያርፍበትን ካላወቃችሁ ግልጽ ዳራ አትጠቀሙ።

በረዶው ጅራት እየተወ ይሄዳል

ዳራው ግልጽ ሲሆን የቀደመው ፍሬም አልጠፋም ማለት ነው። ፍሬሞቹን በሙሉ መርጣችሁ በቀኝ ጠቅ አድርጉና «ዲስፖዝ» በሉ። ጊምፕ ላይ «ሪፕሌስ» ነው።

ፎቶው ቆሻሻ ሆነ፣ ፋይሉም ከበደ

አንድ የጊፍ ፍሬም ከ256 ቀለም በላይ አይይዝም። የልጅ ፊት በ32 ቀለም አታሳዩኝ፤ 128 ይበቃል። ዲተር፣ የጎደለውን ቀለም በነጠብጣብ የሚያስመስለው፣ ሲበዛ ፊት ላይ አሸዋ ይነፋል፣ ክብደቱም ይጨምራል። ቀለም ከመግደላችሁ በፊት ሸራውን ወደ 400 አውርዱ፤ ግን በረዶውን ከመሥራታችሁ በፊት፣ አለዚያ ያ ሁሉ 500 ቆጠራ ከንቱ ነው።

ቴሌግራም ላይ ጥጋጥጉ ጠቆረ

ቴሌግራም ጊፉን ድምፅ ወደሌለው ኤምፒ4 ይለውጠዋል፤ ግልጽ የነበረው በሌላ ቀለም ይሞላል። በፋይልነት ላኩት፤ ወይም ከመጀመሪያው ዳራውን ቀለም ሙሉት። እኔ አሁን ሥራ ከመጀመሬ በፊት «የት ነው የሚለጠፈው?» እላለሁ። ቴሌግራም ካሉኝ ግልጽ ዳራ አልሠራም፣ ሒሳብም የምቀበለው በደንበኛው ስልክ ላይ ተከፍቶ ሦስት ዙር ሲዞር አብረን ካየነው በኋላ ነው።