ሰብዱራል መድማትን በሲቲ ስካን ለማንበብ ከደም መልሱ ጀምሩ

ሰብዱራል መድማት ከዱራ (ከአንጎል ጠንካራ ውጫዊ ሽፋን) በታች የሚጠራቀም ደም ነው። ከአንጎል ገጽ ደም የሚሰበስቡት ደም መልሶች ወደ ላይኛው ሳጂታል ሳይነስ (ከራስ ቅል አናት ስር በመሃል መስመር ወደሚሄደው ትልቅ የደም መልስ ቦይ) ለመግባት አራክኖይድን (ከዱራ ስር ያለውን ስስ ሽፋን) ጥሰው ከዱራ በታች ያለውን ስስ ንብርብር ያቋርጣሉ። በዚያች አጭር መንገድ ላይ ደጋፊ የላቸውም። ጭንቅላት ሲመታ አንጎል ይንቀሳቀሳል፣ ዱራ ግን ከራስ ቅል ጋር እንደተጣበቀ ይቀራል፤ የሚበጠሱትም እዚያው ነው። በአረጋውያንና ለዓመታት አልኮል በጠጡ ሰዎች የአንጎል መጠን ስለሚቀንስ እነዚህ ደም መልሶች ተወጥረው ይኖራሉ፤ ለነሱ ቀላል መውደቅም ይበቃል። የደም መልስ ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ ራስ ምታቱ ወይም መዘባረቁ ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ መውደቁን የሚያስታውስ ላይኖር ይችላል።

በተለመደው የአንጎል ዊንዶ (የሲቲ ምስሉ የንጣትና የጥቁረት ክልል፤ ስፋት 80፣ መሃል 40) ስስ አዲስ ደም ከአጥንቱ ንጣት ጋር ይዋሃዳል። ስፋቱን ወደ 200፣ መሃሉን ወደ 80 አካባቢ አድርጉና የራስ ቅሉን ውስጠኛ ጠርዝ ከላይ እስከ ታች ተከተሉ፤ ፋልክስንና (የአንጎልን ግራና ቀኝ የሚለየውን የዱራ እጥፋት) ቴንቶሪየምንም (ትልቁን አንጎል ከትንሹ የሚለየውን እጥፋት) አትዝለሉ። በታተመ ፊልም ላይ ይህ ስለማይቻል ኮንሶሉ (ምስል ማንበቢያ ኮምፒውተሩ) ላይ እዩ።

ሰብዱራል የጨረቃ ማጭድ ይመስላል፤ የራስ ቅል ስፌትን (የአጥንቶቹን መገጣጠሚያ) ይሻገራል፣ ፋልክስ ላይ ግን ይቆማል። እንደ ሌንስ አብጦ ስፌት ላይ የሚቆመው ኤፒዱራል (በአጥንቱና በዱራ መካከል ያለ ደም) ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከደም ቅዳ ይመጣል። የራስ ቅሉ ስብራት በትራንስቨርስ ሳይነስ (በራስ ቅል ኋላ ወደ ጎን በሚሄደው የደም መልስ ቦይ) ላይ ካለፈ ግን ኤፒዱራሉ የደም መልስ ሊሆን ይችላል፤ ከቴንቶሪየም በላይም በታችም ከተዘረጋ ይህን ጠርጥሩ።

እስከ 3 ቀን ደሙ ነጭ ነው፣ ከ3 ሳምንት በኋላ ጥቁር ይሆናል። አስቸጋሪው በመካከል ያለው ጊዜ ነው፦ ደሙ የአንጎሉን ግራጫ ይይዛል፤ በሁለቱም ጎን ከሆነ ደግሞ መሃል መስመሩ ላይዛባ ይችላል። የ80 ዓመት ሰው አንጎል እንደ ወጣት ሞልቶ ከታየ፣ ወይም የአንጎሉ ስርጉዶች እስከ አጥንቱ ካልደረሱ፣ «ጤነኛ ነው» ብላችሁ አትጻፉ። ከባድ ደም ማነስ ባለበት ታካሚ ትኩስ ደምም ግራጫ ሊሆን ይችላል።

ውፍረቱን በወፈረበት ቦታ ከአጥንቱ ቀጥ ብላችሁ ለኩ። ለመሃል መስመሩ በሞንሮ ቀዳዳ (የጎን የአንጎል ክፍተቶች ከሦስተኛው ጋር በሚገናኙበት) ደረጃ ከፋልክስ የፊት መነሻ እስከ ኋላኛው አጥንት መስመር አስምሩ፤ ሴፕተም ፔሉሲደም (በሁለቱ የጎን ክፍተቶች መካከል ያለው ስስ ግድግዳ) ከመስመሩ የራቀበትን ርቀት ጻፉ። አዲስ ሰብዱራል ከ10 ሚሊሜትር ከወፈረ ወይም መስመሩ ከ5 ሚሊሜትር በላይ ከተገፋ፣ የግላስጎው ነጥቡ (የንቃተ ህሊና መለኪያው) ጥሩ ቢሆንም ወዲያውኑ ለነርቭ ቀዶ ሐኪም ይደወላል።

ደሙ አንጎሉ ውስጥ ሆኖ በመሃል መስመር ግራና ቀኝ ወይም ቴምፖራል ሎብ (በጆሮ ግንድ በኩል ያለው የአንጎል ክፍል) ላይ ከታየ፣ የአንድ ደም ቅዳን ክልልም ካልተከተለ፣ በተለይ በቅርቡ በወለደች ሴት፣ የደም መልስ ቦይ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይነሱን እዩ። የነጣ ሳይነስ የረጋ ደም ሊኖረው ስለሚችል የደም መልስ ሲቲ በኮንትራስት (ደም ስርን በሚያነጣ መድኃኒት) እዘዙ፤ ዙሪያው ነጥቶ መሃሉ የጠቆረ ሦስት ማዕዘን መዘጋቱን ያሳያል። እዚህ መድማት እያለም ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ይሰጣል፤ ደሙን ያፈሰሰው የተዘጋው መውጫ ነውና። ሳይነሶቹ ሁሉ ከደም ቅዳዎቹ ጋር እኩል ከነጡ ግን መጀመሪያ ሄማቶክሪት (በደም ውስጥ ያለውን የቀይ ሴሎች ድርሻ) አስለኩ፤ የደም መወፈርም እንዲሁ ያሳያል።