ፕላስቲክ ክዳን ቀላል ነው ብላችሁ ብረቱን አትቀንሱ

በረንዳውን በፖሊካርቦኔት፣ ብርሃን በሚያስገባው ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ያስከደነ ሰው መጀመሪያ የሚያወራላችሁ ስለ ክብደቱ ነው። እውነቱን ነው። 6 ሚሊሜትር መስታወት በካሬ ሜትር 15 ኪሎ ይመዝናል። ውስጡ ክፍት የሆነው 10 ሚሊሜትር ፖሊካርቦኔት ግን 2 ኪሎ አይሞላም። ጥንካሬውም አይታማም። መስታወት የሚያረግፍ በረዶ ጥሩ ፖሊካርቦኔት ላይ ነጥሮ ይወርዳል።

ታዲያ ብልሽቱ ከየት ይመጣል? ምት የሚችል ነገር አይጎብጥም ማለት ስላልሆነ ነው። በተመሳሳይ ውፍረት ፖሊካርቦኔት ከመስታወት 30 እጥፍ ያህል ይለጠጣል፣ ይጎብጣል።

መሀሉ ረግቦ ውሃ ያቁራል

በያጁ "ይሄ እኮ ቀላል ነው" ብሎ ቱቦላሬውን፣ ክዳኑን የሚሸከመውን ብረት፣ አራርቆታል፣ ወይም ተዳፋቱን አሳንሶታል። መሀል ላይ ቱቦላሬ ጨምሩ። እኔ ለ6 ሚሊሜትር ፖሊካርቦኔት ከ60 ሳንቲሜትር በላይ አላራርቅም። ተዳፋቱ በ1 ሜትር ቢያንስ 9 ሳንቲሜትር ይውረድ። ብየዳው ከመጀመሩ በፊት ግን ክዳኑን አውርዱት። የብየዳ ፍንጣሪ በስቶ ነው የሚያልፈው።

ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ብሎኑ ዙሪያ ይሰነጠቃል

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። እናቴ ቤት በረንዳው በየቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይዋ ስትዞር፣ ቀጭ ይል ነበር። ድመት ናት እያልን ከረምን። በኋላ መሰላል ላይ ወጥቼ አየሁት። የብሎኖቹ ላስቲክ ተጨፍልቆ ወደ ውጭ ወጥቷል። ከሥሩ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች እንደ ኮከብ ተበትነዋል።

ፖሊካርቦኔት ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲበርድ ያጥራል። የ6 ሜትር ክዳን በሌሊቱ ቅዝቃዜና በቀትሩ ግለት መካከል የ40 ዲግሪ ልዩነት ካገኘው ርዝመቱ 15 ሚሊሜትር ያህል ይለዋወጣል። ብሎኑ ጠርንፎ ከያዘው መሄጃ ያጣል። ያኔ ይጮሃል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል።

መፍትሄው ቀዳዳውን ማስፋት ነው። ለ6 ሚሊሜትር ብሎን 10 ሚሊሜትር ቀዳዳ አስበሱ። ሰፊ ዋሸር ከነላስቲኩ ይግባበት። ላስቲኩ ክዳኑን ነካ እንዳደረገ ማጥበቁን አቁሙ። ጫፉ ግድግዳ ጋር አይጋጭ፣ ክፍተት ተዉለት። የተሰነጠቀው ግን አይድንም፣ ይቀየር።

ሲሊኮኑንም አሽትቱት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ፖሊካርቦኔትን ይጎዳል፣ "ኒውትራል" የሚለውን ግዙ። ቀለም ነካው ብላችሁ በቲነር ወይም በቤንዚን እንዳትጠርጉት። የሳሙና ውሃና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል።

ቢጫ ሆኖ ይፈረካከሳል

ከፀሐይ የሚከላከለው ስስ ሽፋን ብዙውን ጊዜ በአንድ ገጽ ብቻ ነው ያለው። ሠራተኛው ገልብጦ ከመታው ፀሐይዋ በባዶው በኩል ትበላዋለች። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ፀሐይዋ አትምርም። አንዴ ቢጫ ከሆነ መገልበጡም አያድነው። ክዳኑ ላይ ተለጥፎ የሚመጣው ስስ ላስቲክ ሳይላጥ ጽሑፉን አንብቡ፣ የቱ ገጽ ወደ ላይ እንደሚሆን ተጽፎበታል። ክዳኑ እንደተመታ ደግሞ ላስቲኩን ላጡት፣ ፀሐይ ላይ ከቆየ ይጣበቃል።

ውስጡ ውሃና አረንጓዴ ነገር ይታያል

በክዳኑ ውስጥ ያሉት ክፍት መስመሮች በአግድም ተመትተው ከሆነ ውሃው መውጫ የለውም። ወደ ተዳፋቱ ዞረው ይመቱ። የላይኛው ጫፍ በአልሙኒየም ቴፕ ይደፈን። የታችኛው ደግሞ አቧራ ከልክሎ እርጥበት በሚያስወጣው ዓይነት ይሸፈን።

ነፋስ ይነቅለዋል

መስታወት በገዛ ክብደቱ ይቀመጣል። ይሄ ግን ቀላል ስለሆነ ነፋስ ከሥሩ ከገባ ያነሳዋል። ጠርዙ ላይ ብሎኖቹን አቀራርቡ፣ ዳር ዳሩን በአልሙኒየም ማሰሪያ ያዙት። ቱቦላሬውም ግድግዳው ላይ በሚስማር ብቻ ተይዞ እንዳይሆን፣ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ብሎኑን በሚይዘው ፊሸር በደንብ ይታሰር። ልታስተካክሉ ስትወጡ ክዳኑን በቀጥታ አትርገጡት። ጣውላ ከቱቦላሬ ቱቦላሬ አጋድማችሁ በዚያ ላይ ሂዱ።