ፈተናው በረዘመበት ቤት ደስታን ስለ መያዝ

ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ መጀመሪያ ላይ «ልዩ ልዩ ፈተና ሲደርስባችሁ እንደ ሙሉ ደስታ ቍጠሩት» ይላል። ይህን ቃል ይዘው ለቅሶ ቤት የሚገቡ ብዙዎች ናቸው። ሬሳው ሳይወጣ፣ በሽተኛው ከሆስፒታል ተመልሶ አልጋው ላይ በቅጡ ሳይመቻች፣ ለባለቤቶቹ «ደስ ይበላችሁ» ይባላሉ። ከዚያ ጥቅስ አስቀድሞ ያለውን ሰላምታ ግን ማንም አያነብላቸውም። መልእክቱ የተላከው «ለተበተኑ» ነው፤ ቤታቸውን ለቀው በሰው አገር ለሚኖሩ። እኛ ደሴዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት በጦርነቱ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በከተማችን ትምህርት ቤቶች ወለል ላይ ተኝተው አይተናል። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ደግሞ ተራው የእኛ ሆነ። ያዕቆብ ደስታን የሚያስተምረው እንዲህ ላለ ሰው ነው። መከራውን ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚናገረው።

እኔ አራዳ አካባቢ ልብስ በመስፋት የምተዳደር ሴት ነኝ። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አይታዘዙለትም፤ ንግግሩም በግድ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው በሽተኛ ለሚያስታምሙ፣ ልጃቸው ለጠፋባቸው፣ ሥራ ፈትተው ለከረሙ፣ በአጠቃላይ ነገሩ በሳምንትና በወር ለማያልቅላቸው ምእመናን ነው። ከአባቶች የሰማሁትንና አልጋ አጠገብ ሆኜ የሞከርኩትን ነው የምናገረው።

መጀመሪያ አልቅሱ

ሐዘንን መዋጥ እምነት አይደለም። ጌታ በአልዓዛር መቃብር ላይ እንባውን አፍስሷል፤ በጌቴሴማኒም «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ብሏል። ዳዊት ዘወትር በእጃችን ነው፤ ሆኖም ግማሽ የሚሆነው እሮሮና ልመና መሆኑን ልብ የምንለው ሲከፋን ነው። መዝሙር 12ን አውጡና ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት፦ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ይህን ለእግዚአብሔር ፊት ለፊት መናገር ድፍረት ቢሆን ኖሮ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት አድርጋ ባልሰጠችን ነበር። እንዲያውም ለእርሱ የሚያማርር ሰው ከእርሱ አልራቀም። እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ብሎ ጸሎቱን የተወው ነው።

ደግሞ ብሉ፣ ተኙም። ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ «ነፍሴን ውሰድ» ብሎ በተኛ ጊዜ፣ መልአኩ ቀስቅሶ ያለው «ተነሥና ብላ» ነው። እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፤ በልቶ ደግሞ ተኛ፤ መልአኩም ሁለተኛ ቀሰቀሰው። እግዚአብሔር ያነጋገረው ከዚያ በኋላ፣ ኮሬብ ተራራ ደርሶ ነው። የሚያስታምም ሰው ቁርሱን ሳይበላ እኩለ ቀን ይደርስበታል፤ ማታ ላይ እምነቱ የጠፋ ይመስለዋል፤ የጠፋው ግን ጉልበቱ ነው። ጾሙን በተመለከተ የንስሐ አባታችሁን አነጋግሩ። ለበሽተኛም ለአስታማሚም እንደ አቅሙ የሚያዝዙ እነርሱ ናቸው፤ በራሳችሁ ፈቃድ አትሻሩ፣ በራሳችሁ ፈቃድም ራሳችሁን አትግደሉ።

ትንሽ፣ ግን የማትቀር ጸሎት

ብዙ ሰው ፈተና ሲገጥመው ትልቅ ሥርዓት ያወጣል። የዕለቱን ዳዊት በሙሉ፣ ውዳሴ ማርያምን፣ ስግደቱን በአንድ ጊዜ ይጀምራል፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይደክመውና ሁሉንም ይተወዋል፤ ከዚያ በኋላ ጥፋተኝነቱ ራሱ ሌላ ሸክም ይሆናል። ምክሬ ይህ ነው፦ በጣም በከፋችው ቀናችሁ እንኳ ልትፈጽሙት የምትችሉትን መጠን አስቀድማችሁ ወስኑ። አንድ መዝሙር፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም፣ አቡነ ዘበሰማያት። በቃ። ደህና ቀን ሲመጣ ጨምሩ፤ ከዚህ ግን አትቀንሱ። የጸሎት መጽሐፉን ሳጥን ውስጥ አትቆልፉበት፤ ስትነሡ እጃችሁ የሚያገኘው ቦታ ላይ ይሁን። በደሴ ብርድ ሳጥን ከፍቶ መጽሐፍ ፍለጋ የሚነሣ ሰው ብርድ ልብሱን መልሶ ይከናነባል።

ቃል የሚጠፋባቸው ቀናት አሉ። ያን ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይበቃል። አሥራ ሁለት ጊዜ በሉት፤ ሐሳባችሁ ቢበተንም እስከ መጨረሻው ቁጠሩት።

አልጋ ላይ የዋለ ሰው ቤታቸው ላላቸው አንድ ነገር ልጨምር። በሽተኛው የአልጋ ቁስል እንዳይወጣበት በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለበት፤ ሌሊትም ቢሆን። ይህ መነሣት መጀመሪያ ላይ በጣም ያስመርረኝ ነበር። አንድ መነኩሴ አባት «እኛም ሌሊት በደወል እንነሣለን፤ ያንቺ ደወል እርሱ ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መገላበጫውን ሰዓት የጸሎት ሰዓት አደረግሁት። ትራሱን ከጀርባው ስሸጉጥ፣ ተረከዙን ከፍራሹ ከፍ ሳደርግ፣ ቆዳው የቀላበትን ቦታ በእጄ ስዳስስ ከንፈሬ «እግዚኦ» ይላል። ድካሙ ያው ነው፤ ምሬቱ ግን ለቀቀኝ።

የማታው ምስጋና

ከሁሉ ይልቅ ደስታን መልሶ የሰጠኝ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቅዳሴ ያስቀደሰ ሁሉ ጸሎተ አኮቴትን ያውቃል። በጎ ያደረገልንን እግዚአብሔርን እናመስግነው ይልና ምክንያቱን ይዘረዝራል፦ ሰውሮናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ አቅርቦናልና፣ ወደ እርሱም ተቀብሎናልና፣ አጽንቶናልና፣ እስከዚህችም ሰዓት አድርሶናልና። ለብዙ ዓመታት ይህ ከፊቴ እየተዜመ ያልፍ ነበር። አሁን ማታ ማታ ቤቴ ውስጥ እያንዳንዱን ቃል ቆም ብዬ እጠይቀዋለሁ። እናንተም እንዲህ አድርጉት።

ሰወረን ስትሉ፣ ዛሬ ሊደርስ ሲል የቀረውን ክፉ ነገር ፈልጉ። ባለቤቴን ከአልጋ ወደ ወንበር ሳዛውረው አንድ ቀን ጉልበቱ ከዳው፤ ልጃችን ያን ሰዓት በሩ ላይ ስለነበረች ሮጣ ብብቱን ያዘችው፤ ቀስ ብለን አስቀመጥነው። ረዳን ስትሉ፣ ሰውየውን በስሙ አስቡት። ውሃ በጠፋ ሳምንት ሁለት ጀሪካን ተሸክሞ ዳገቱን የወጣልን የሰፈር ጎረምሳ አለ፤ ስሙን እግዚአብሔር ያውቀዋል፣ እኔም አልረሳውም። ጠበቀን ስትሉ፣ ሌሊቱን አስቡ። አቀረበን ስትሉ፣ ወደ እርሱም ሆነ እርስ በርስ የተቀራረባችሁበትን ነገር ፈልጉ፤ አኩርፎ የነበረ ዘመድ ደውሎ ይሆናል። ተቀበለን የሚለው ይከብዳል፤ እኔ እዚህ ላይ የማስበው ሐሳቤ እየባዘነ ያደረስኩትን የጠዋት ጸሎት ነው። አጸናን ስትሉ፣ ልትናገሩት ስትሉ የዋጣችሁትን ክፉ ቃል አስቡ።

ሌላው ሁሉ ባዶ የሚሆንባቸው ምሽቶች አሉ። የመጨረሻው ቃል ግን ምንጊዜም መልስ አለው፤ ቁጭ ብላችሁ እየጸለያችሁ ከሆነ እስከዚህች ሰዓት ደርሳችኋልና። ባለቤቴ ከሁሉም አስቀድሞ አጥርቶ መናገር የቻለው ይህንኑ ነው፦ «አደረሰን።» ሌሎቹን እኔ እላለሁ፤ የእርሱን ተራ ማንም አይወስድበትም፤ እስኪያወጣው ድረስ እንጠብቀዋለን።

ይህን በለመድን ጊዜ ቀን ቀን ዓይኔ መፈለግ ጀመረ። ማታ ምን እላለሁ ብዬ በጎውን ነገር አስቀምጥ ጀመር፤ ጀሪካኑን የያዘው ልጅ ሲገባ «ይኸው የዛሬው ‘ረዳን’» ብዬ ልቤ ደስ አለው። ሐዋርያው ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ከተማ ከሲላስ ጋር ተገርፎ፣ እግሩ በግንድ ተጣብቆ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ይዘምር ነበር። ከዓመታት በኋላ ለእነዚያው ለፊልጵስዩስ ሰዎች እንደገና ከእስር ቤት «ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ» ብሎ ጻፈላቸው። ያን ሌሊት የሚያውቁት ሰዎች ናቸው ደብዳቤውን የተቀበሉት። የተፈታ ሰው ደስታ አይደለም የሚነግራቸው፤ ሰንሰለቱ እጁ ላይ እያለ ነው።

ሰው ይግባ

ጌታ በዚያች በጭንቅ ሌሊት ደቀ መዛሙርቱን «በዚህ ቆዩ ከእኔም ጋር ትጉ» ብሏል። እርሱ ሰው ከፈለገ እኛ ለምን እንኮራለን? እድር ለሞት ፈጥኖ ይደርሳል፤ ለረጅም ሕመም ግን አብዛኛው እድር ደንብ የለውም፤ ስለዚህ አፍ አውጥቶ መጠየቅ ይገባል። «የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ንገሪኝ» ለሚላችሁ ሰው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላችሁ አትሸኙት። ቀንና ሰዓት ስጡት፦ «ሐሙስ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ከእርሱ ጋር ተቀመጪልኝ፤ ገበያ ልውጣ።» ሰው የሚሸሸው ምን እንደሚያደርግ ስለማያውቅ ነው። የጽዋ ማኅበርተኞቻችሁም ቢሆኑ ዳቦውንና ጠላውን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ተራ ሊይዙት ይችላሉ።

በወሎ ደግሞ ይህ እርዳታ በሃይማኖት አጥር አይቆምም። ሙስሊሟ ጎረቤቴ ጀበናዋን ይዛ ትገባና «አብሽሪ፣ አላህ ያሽረዋል» ትላለች፤ ስግደቷ ሲደርስ ተነሥታ ትሄዳለች፤ ጨርሳ ትመለሳለች። በዚያ የጦርነት ጊዜ መብራቱም ስልኩም ተቋርጦ ሳለ ዱቄታችንን የተካፈልነው ከእርሷ ጋር ነው። እንዲህ ያለው ጎረቤት የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ በማታው ምስጋና ስሟ ሳይነሣ የሚያልፍበት ቀን ጥቂት ነው።

እናንተ ጠያቂ ሆናችሁ ስትሄዱ ደግሞ የኢዮብን ወዳጆች አስታውሱ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ያ መልካም ነበር። አፋቸውን ሲከፍቱ ነው ያቆሰሉት። «ምን በድለህ ይሆን?» አትበሉ። ጌታ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ሲጠየቅ እርሱም ወላጆቹም ኃጢአት አልሠሩም ብሎ መልሷል። ልብስ እጠቡ፣ ውሃ ቅዱ፣ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ።

ከራሳችሁ መከራ ወጥታችሁ ለሌላ ሰው አንዲት ነገር ማድረግም አለባችሁ፤ ትንሽ ብትሆንም። እኔ ለድሃ ልጆች የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ እጠግናለሁ። የተቀደደ ጉልበት ላይ መጣፊያ ስሰፋ ሸክሜ ለዚያች ሰዓት ይቀለኛል።

መድኃኒቱን አታቋርጡ

ጸበል ጠጥተን የደም ግፊት መድኃኒት የተውን ሰዎች ምን እንደ ደረሰብን በየሰፈሩ ይታወቃል። ግፊት ሕመም ሳይሰማ ይጎዳል፤ ደህና ነኝ ብሎ ክኒን ማቆም አደገኛ ነው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን፣ ማለትም ሐኪምን፣ አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበር። ጸበሉንም ክኒኑንም ውሰዱ። አስታማሚውም እንቅልፍ ካጣ፣ ሞትን መመኘት ከጀመረ፣ ለንስሐ አባቱም ለሐኪምም ይንገር፤ ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ውስጥ።

ካህኑን ቀድማችሁ ጥሩ

በቤታችን ካህን የሚጠራው በሽተኛው ሲያጣጥር ነው፤ ይህ ልማድ ቢቀር እመኛለሁ። ሐዋርያት ድውያንን ዘይት እየቀቡ እንደ ፈወሱ ማርቆስ ጽፏል፤ ምሥጢረ ቀንዲልም፣ ካህኑ እየጸለየ በሽተኛውን ዘይት የሚቀባበት ሥርዓት፣ ለታመመ ሰው የተሰጠ ነው። በሽተኛው ነፍሱን በሚያውቅበት፣ አሜን ማለት በሚችልበት ጊዜ ይፈጸምለት። ለካህኑ አስቀድማችሁ ሰዓት አስይዙ፤ ቤቱን ጥረጉ፤ ንጹሕ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ጧፍና ንጹሕ ውሃ አዘጋጁ። ቤተሰቡ በሙሉ ይገኝ፤ ልጆችም ጭምር። ቅዱስ ቁርባን የሚቀበል ከሆነና ስትሮክ የመታው ሰው ከሆነ፣ ምግብ ሲውጥ ትን የሚለው መሆን አለመሆኑን ለካህኑ ቀደም ብላችሁ ንገሩ፤ በትራስ ደግፋችሁም ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት።