በትንሽ ብር የሮክ ባንድ ክሊፕ ሲሠራ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ ሮክ የሚጫወት ባንድ አብዛኛውን ጊዜ ክሊፕ የሚሠራው ከራሱ ኪስ ነው። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 የመጀመሪያ አልበሙን በአሜሪካዊው ቢል ላዝዌል ፕሮዲውሰርነት ካወጣ ወዲህ በአማርኛ ሮክ የሚሞክሩ ልጆች አሉ። ስፖንሰር ግን እንደልብ አይገኝም። አባላቱ ያዋጣሉ፣ ካሜራ ያለው ጓደኛ ይለመናል፣ ቅዳሜ ወይም እሁድ ይቀረጻል። እንዲህ ባሉ ቀረጻዎች ላይ ካሜራም ይዣለሁ፣ ኤዲትም አድርጌያለሁ። የብር ማነስ ብቻውን ክሊፕ ሲያበላሽ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያበላሸው ያለችውን ብርና ያለውን ቀን ባንዱ በማይታይበት ነገር ላይ መጨረስ ነው።

ክሊፑን ፊልም ለማድረግ መሞከር

የለመድነው የክሊፕ አሠራር አለ። ድምፃዊው ያዜማል፣ ተወዛዋዦች ከኋላው ናቸው፣ በመሃል ሁለት ፍቅረኛሞች ይጣሉና መጨረሻ ላይ ይታረቃሉ። ለብዙ ዘፈን ይሄ ያምርበታል። አራት አምስት ሰው መሣሪያ ይዞ በቆመበት ሮክ ላይ ግን ጉልበቱ ያለው ተጫዋቾቹ ጋ ነው። ታሪክ ስትጨምሩ ተዋናይ ያስፈልጋል፣ ልብስ ያስፈልጋል፣ የሰው ቤት መለመን ይመጣል። ተዋናዩ ካሜራ ፊት ቆሞ የማያውቅ ጓደኛችሁ ከሆነ ደግሞ ተመልካቹ ወዲያው ይነቃል። የቀኑ ግማሽ በዚህ ያልቅና ባንዱ የሚቀረጸው አመሻሽ ላይ፣ ሁሉም ከደከመው በኋላ ይሆናል።

አንድ ሐሳብ ይበቃል። የቺካጎው ኦኬ ጎ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2006 ስምንት ትሬድሚል ደርድሮ፣ ካሜራውን አንድ ቦታ ተክሎ፣ ሳይቆራረጥ በአንድ ሾት የቀረጸው ክሊፕ በዓመቱ ግራሚ ተሸልሟል። አባላቱ እያንዳንዷን እርምጃ አጥንተው ነው ካሜራ ፊት የቆሙት። ልምምድ ደግሞ ኪራይ የለውም። ሐሳባችሁን ዘፈኑን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ንገሩት። ግራ ከተጋባ ሐሳቡ በዝቷል ማለት ነው፤ ቀንሱት።

ብሩን ሁሉ ካሜራ ኪራይ ላይ ማፍሰስ

ስብሰባ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ "በምን ካሜራ ነው የምንቀርጸው?" የሚል ነው። ትልቅ የሲኒማ ካሜራ የሚከራየው በቀን ነው። ብቻውን አይመጣም፤ ባትሪው፣ ሌንሱ፣ ረዳቱ አብረው ይመጣሉ። ፋይሉ ከባድ ስለሆነ ተጨማሪ ሃርድ ዲስክ ይጠይቃል። የኤዲተራችሁ ላፕቶፕም እሱን ለመክፈት ሲያቃስት ይውላል። ብርሃኑ ከተስተካከለ ከጓደኛ የተዋሳችሁት ካሜራ ወይም ደህና ስልክ ይበቃችኋል።

ብሩን ሁለት ደህና ላይት ለመከራየት፣ ለትራንስፖርትና ለምሳ አውሉት። ምሳውን አቅልላችሁ አትዩት። በነፃ ሊረዳ የመጣ ሰው እስከ 8 ሰዓት ሳይበላ ከቆየ የከሰዓቱ ሥራ ይሞታል። ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም የጾም ወቅት ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የጾም በያይነቱ ሁሉንም ያስማማል።

ፕሌይባኩን እንደ ቀላል ነገር ማየት

እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም አደርገዋለሁ፤ ብዙ የባንድ ክሊፕ የሚበላሸው እዚህ ነውና።

ባንዱ ካሜራ ፊት ሲቆም ስቱዲዮ የተቀዳው ዘፈን ይከፈትለታል፤ ፕሌይባክ የሚባለው ይሄ ነው። ተጫዋቾቹ እሱን እየተከተሉ ይጫወታሉ፤ ኤዲት ላይ ምስሉ ከዋናው ድምፅ ጋር ይገጠማል። ስለዚህ ሚክሱ፣ ማለትም የዘፈኑ የድምፅ ቅንጅት፣ ሳያልቅ አትቅረጹ። ከቀረጻው በኋላ ፕሮዲውሰሩ ሶሎውን (አንዱ መሣሪያ ጎልቶ የሚወጣበትን ክፍል) በአራት ባር (የምት መለኪያ ነው) ቢያሳጥረው ወይም ቴምፖውን (የዘፈኑን ፍጥነት) ትንሽ ቢነካካው የለፋችሁበት አልገጥም ይላል። ያለቀው ፋይል እጃችሁ ካልገባ ቀኑን ግፉት።

ቀጥሎ የድምፁ ማነስ ነው። ዘፈኑን በስልክ ከፍተው "በቃ እንጀምር" ይላሉ። ድራመሩ ስኔሯን (ከፊቱ ያለችውን ትንሽ ከበሮ) ገና እንደመታ የስልኩ ድምፅ ይዋጣል። ከዚያ በኋላ በግምት ነው የሚሄደው። ሁለተኛው ቨርስ ላይ ሲደርስ ከዘፈኑ ግማሽ ምት ቀድሟል። ድምፃዊው ዘፈኑን ይከተል ወይስ ድራመሩን? ጊታሪስቱ ደግሞ ሁለቱንም ትቶ ወደ መሬት ያያል። ይሄ ሁሉ ካሜራው ላይ ይታያል።

ደህና ስፒከር ከልምምድ ቦታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሌላችሁ ተከራዩ። ከድራመሩ አጠገብ አስቀምጡት። ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቅ ከበሮ) ውስጥ ብርድ ልብስ ክተቱ፤ ስኔሩና ቶሞቹ (ሌሎቹ ከበሮዎች) ላይ ካሜራው በማያየው በኩል ጨርቅ በቴፕ ለጥፉ። ድራመሩን "ቀስ ብለህ ምታ" ግን አትበሉት። እየፈራ የሚመታ ድራመር ከሩቅ ያስታውቃል፤ ክንዱ አይነሳም፣ ሲምባሉ (የብረት ሳህኑ) አይወዛወዝም። ሮክ ክሊፕ ውስጥ ደግሞ ሰው ሲምባሉ ሲወዛወዝ ማየት ይፈልጋል።

ከዘፈኑ በፊት መቁጠሪያ አስገቡ። ፋይሉ መነሻ ላይ የዘፈኑን ቴምፖ የጠበቀ የሁለት ባር "ጢት ጢት" ካለ ሁሉም እኩል ይገባል። ኤዲተሩም ምስሉን የሚገጥመው በዚሁ ነው። የካሜራው ማይክ ምንጊዜም ክፍት ይሁን። "ዋናው ድምፅ አለን አይደል" ብሎ ማይኩን የሚዘጋ ካሜራማን ኤዲተሩ ከንፈር ሲያነብ እንዲያድር ፈረደበት ማለት ነው።

ከቤት ውጪ ስትቀርጹ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። እንጦጦ ላይ ባንዱን ከነዛፉ ከነሰማዩ ከሩቅ ለማሳየት ካሜራው ከስፒከሩ 40 ሜትር ራቀ እንበል። ድምፅ በሰከንድ የሚጓዘው 340 ሜትር ገደማ ስለሆነ ካሜራው ጋ የሚደርሰው ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ በላይ ዘግይቶ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ለሚቀርጽ ሰው ይሄ ሦስት ፍሬም ነው። ኤዲተሩ በካሜራው ድምፅ ከገጠመው የድምፃዊው ከንፈር ከዘፈኑ ይቀድማል። መፍትሔው የዚያን ሾት ምስል ሦስት ፍሬም ማዘግየት ብቻ ነው። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ግን ድምፃዊውን ይወቅሳል፣ አለዚያም ቆንጆውን ሾት ይጥለዋል።

ስሎው ሞሽን ካማራችሁ ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት ክፈቱና በሰከንድ 50 ፍሬም ቅረጹ። በ25 ሲጫወት ከንፈሩ ከዘፈኑ ጋር ይገጥማል፤ ፀጉሩ፣ ላቡና ሲምባሉ ግን በእርጋታ ይንሳፈፋሉ። ግጥሙን በዚያ ፍጥነት ማለት ስለሚያስቸግር ድምፃዊው ቤቱ ተለማምዶ ይምጣ።

ድምፃዊውን ብቻ መቅረጽ

ኤዲት ልሠራ ቁጭ ስል ደጋግሞ የሚገጥመኝ ነገር ይሄ ነው። የድምፃዊው ፊት ሞልቷል፤ ቤዚስቱ የለም። ሶሎው ደርሶ የጊታሪስቱን እጅ ስፈልግ ያለው ከሩቅ የተቀረጸ አንድ ሾት ነው፤ እሱንም ድምፃዊው ከልሎታል። ባንድ ነን ካላችሁ ባንዱ ይታይ።

ሒሳቡ አያስፈራም። ዘፈኑ 4 ደቂቃ ነው፣ እናንተ አምስት ናችሁ እንበል። ሁላችሁም በአንድ ላይ ሦስት ጊዜ ተጫወቱት። ከዚያ እያንዳንዳችሁ ሙሉ ዘፈኑን ሁለት ሁለት ጊዜ፤ አንዱን ከፊት፣ ሌላውን እጅ ላይ ተጠግቶ። በድምሩ 13 ጊዜ ነው፤ ጥሬው አንድ ሰዓት አይሞላም። ላይት ማዞሩ፣ ላብ መጥረጉ፣ ውሃ መጠጣቱ ሲጨመር አራት አምስት ሰዓት ይወስዳል። ድራመሩን አስቀድሙት፤ ቶሎ የሚደክመው እሱ ነው።

ጣቶች በትክክለኛው ቦታ ይሁኑ። ጊታር የሚያውቅ ተመልካች መጀመሪያ የሚያየው ጣት ነው። ሶሎውን ስቱዲዮ ውስጥ እንዴት እንደተጫወተው የረሳ ጊታሪስት ከቀረጻው በፊት ያጥናው። ኬብሉንም ጊታሩ ላይ ሰኩት። ኬብል የሌለው ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ አምፕሊፋየር ፊት የሚዘል ሰው ካየሁ ክሊፑን ማመን ያቅተኛል።

በእኩለ ቀን ፀሐይ መቅረጽ

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነች፤ ከፍታዋም ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ትሆናለች፤ ብርሃኗም ብርቱ ነው። ያኔ የቀረጻችሁት ሰው ዓይኑ ጥቁር ጉድጓድ ይመስላል፤ አፍንጫው ሥር ጥላ ይወርዳል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ ከ10 ሰዓት እስክትጠልቅ ድረስ ውጪ ቅረጹ። መሃሉን ለምሳና ለቤት ውስጥ ሥራ ተዉት። ክረምት ላይ ደመናው ራሱ ብርሃኑን ያለሰልስላችኋል። የሐምሌና የነሐሴ ከሰዓት ግን አይታመንም፤ ለመሣሪያዎቹ ትልቅ ላስቲክ ያዙ።

ቤት ውስጥ ሌላ ጉድ አለ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ አምፖሉም ከዚሁ ጋር ይርገበገባል። ብዙ ስልክ ደግሞ ካልነካችሁት በሰከንድ 30 ፍሬም ነው የሚቀርጸው። በፍሎረሰንት ወይም በርካሽ ኤልኢዲ አምፖል ሥር ሸተሩ (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚወስድበት ጊዜ) ካልተስተካከለ ምስሉ መስመር እየሠራ ይርገበገባል። ኤዲት ላይ ማጥፋቱ አበሳ ነው። ፍሬሙን 25፣ ሸተሩን 1/50 አድርጉ፤ ለስሎው ሞሽኑ 50 እና 1/100። የስልኩ ካሜራ ይሄን ካልፈቀደ የሚፈቅድ አፕ ጫኑ።

ሰዎቹን ነጭ ግድግዳ ፊት አታቁሟቸው። አውቶማቲክ ላይ ያለ ካሜራ ለግድግዳው ብሎ ፊታቸውን ያጠቁረዋል። የብርሃኑን መጠን ፊት ላይ ለክታችሁ ቆልፉት።

ቦታውን በጉጉት መምረጥ

ለገሃር፣ ፒያሳ፣ መርካቶ ሁሉም ዓይን ይስባሉ። ትሪፖድ ስትዘረጉ ግን ጥበቃ መጥቶ "ደብዳቤ አላችሁ?" ማለቱ አይቀርም። ከሚመለከተው ቢሮ ወይም ከወረዳው የትብብር ደብዳቤ፣ የግል ቦታ ከሆነ የባለቤቱን ፈቃድ ቀደም ብላችሁ ያዙ። በቃል የተሰጠ ፈቃድ፣ ፈቃጁ በሌለበት ቅዳሜ አይሠራም። ድሮኑንም እርሱት። ፈቃድ ሳይኖራችሁ ብታስነሱት ለጥያቄ ትዳረጋላችሁ፣ ዕቃውም ሊወሰድባችሁ ይችላል። የቆርቆሮ ጣሪያ ከላይ ማየት ለሮክ ዘፈን ምን ይጨምርለታል?

የልምምድ ክፍላችሁን እንደ አዲስ እዩት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የእንቁላል ካርቶን፣ መሬቱን የሞላው ኬብል፣ የተላጠው አምፕሊፋየር የእናንተ ነው። ማንም አያስወጣችሁም። መሣሪያዎቹን ከግድግዳው ሁለት ሦስት ሜትር ወደፊት ሳቡ፤ አንዱን ላይት ከኋላ አድርጉት፤ ክፍሉ ጥልቀት ያገኛል። ባትሪ ሁሉ ማታ ቻርጅ ተደርጎ ይደር። መብራት ከጠፋ ትንሽ ጄነሬተር ያድናችኋል፤ በፕሌይባክ ስለምትቀርጹ ጩኸቱ ክሊፑ ውስጥ አይገባም።

በጓደኝነት ተማምኖ ወረቀት መተው

አጭር ነው። ክሊፑ የማን ነው? ኤዲተሩ ስንት ጊዜ ያስተካክላል? ዩቲዩብ ላይ ገቢ ካለ እንዴት ይከፈላል? አንድ ገጽ ላይ ጻፉና ፈርሙ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ኦዲዮቪዥዋል ሥራን ይጠብቃል፤ በመካከላችሁ የተስማማችሁትን ግን የሚያስታውሰው ወረቀታችሁ ነው። ካሜራ የያዘው ልጅ በነፃ ከመጣ ደግሞ ይሄ ይበልጥ ይገባዋል።

ኤዲት ላይ መጣደፍና ማብዛት

ቀረጻው እንዳለቀ፣ ከዚያው ቦታ ሳትነሱ ካርዱን ሁለት ቦታ ገልብጡ። አንዱ ከባንዱ፣ ሌላው ከኤዲተሩ ጋር ይሂድ። ካርዱን ግን ኤዲቱ እስኪያልቅ አታጥፉት።

በየምቱ መቁረጥ ብዙ ሰው ሮክ ይመስለዋል። ተመልካቹ ማንንም ሳያይ ዘፈኑ ያልቅበታል። ድራመሩ ፊሉን (በዘፈኑ ክፍሎች መሃል የሚገባውን አጭር የከበሮ ምት) ሲጫወት ፊሉ እስኪያልቅ አሳዩት። ድምፃዊው ትንፋሽ ሲስብም አትቁረጡበት። ቁርጡን ለአዝማቹ አስቀምጡት፤ እዚያ ሲፈጥን ልዩነቱ ይሰማል።

መግቢያው ላይ የፕሮዳክሽን ሎጎ፣ የሚሽከረከር ስም፣ የከተማ ጭስ እየተባለ ጊዜ ይባክናል። ሰው ክሊፑን ታክሲ ውስጥ፣ በስልኩ፣ በራሱ ዳታ ነው የሚያየው። ሪፉ (የሚደጋገመው የጊታር ዜማ) ሲጀምር ጊታሩ ይታይ። ስሞቹን መጨረሻ ላይና ከቪዲዮው ሥር ጻፏቸው፤ ምሳ ያመጣችውንም፣ ስፒከር ያዋሰውንም ጭምር። ከመልቀቃችሁ በፊት አንድ ጊዜ በስልክ፣ አንድ ጊዜ በትልቅ ቴሌቪዥን እዩት። በስልክ ፊቶቹ ከጨለሙ ወይም በቴሌቪዥን ከንፈሩ ከዘፈኑ ሲያፈነግጥ ካያችሁ፣ የሚለቀቅበት ቀን ቢነገርም እንኳ ወደ ኤዲተሩ መልሱት።